ለሰምሰም የተመረጠው ኮምፒዩተር

በ1982 ዓ.ም. ለትምህርት ቤታችን ጠመኔ ልገዛ ወደ መጋላ ገበያ ወጥቼ ሳለሁ፣ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ በር ላይ ጎረቤቴን ወይዘሮ ሃሊሞን አገኘኋቸው። አብሯቸው የወንድማቸው ልጅ አብዲራህማን ነበር፤ ቡልጋሪያ ስለ ኮምፒዩተር ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ነው።

«አስተማሪ፣ አላህ ነው ያመጣህ! ና ዳኘን» አሉኝ እጄን ይዘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሰምሰም በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ማጅራት ገትር ታማ ነፍሷ ቢተርፍም ጆሮዋ መስማት ተሳነው። የጽሕፈት መኪና መስመር ሊያልቅ ሲል ደወል ይደውላል፤ እሷ ደወሉን ስለማትሰማ ቃል መሐል ላይ እየቆመባት፣ ወረቀት እየተበላሸባት፣ ተሸማቃ ሥራዋን ተወች። አብዲራህማን ኮምፒዩተር መስመሩ ሲሞላ ራሱ ወደ ቀጣዩ እንደሚሻገር ቢነግራቸው፣ እናት የወርቅ አምባራቸውን ሸጠው መጡ።

ባለሱቁ እንደ ሻንጣ የሚታጠፉ ሦስት ኮምፒዩተሮች ደርድሯል። ወይዘሮ ሃሊሞ ከሁሉ ውድ የሆነውን፣ ጽሑፍ የሚታይበት መስኮቱ እንደ ፍም የሚበራውን ነኩ።

«እኔ ይሄን ነው የምወስደው።»

«ኤዶ» አለ አብዲራህማን፤ አክስቱን በሶማሊኛ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። እንደ ከተማችን ልማድ «አንቺ» ቢላቸውም ድምፁ አክብሮት ነበረው። «የዚህ አንጎል በጣም ፈጣን ነው፤ ለመሐንዲስ ስሌት ይሆናል። ሰምሰም የምትጽፈው ማመልከቻና ውል ነው። የእሷን ጣት እየጠበቀ ሥራ ፈትቶ ለሚቀመጥ ፍጥነት ለምን ትከፍያለሽ?»

«እንግዲያው ይሄን ርካሹን ግዢ በለኛ!»

«እሱም አይሆናትም። መስኮቱ የሚያወጣው ውስጡ የተቀመጠለትን የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። የእኛን ፊደል በነጥብ በነጥብ መሳል ያስፈልጋል። ይሄ መካከለኛው ይስላል። ቀርፋፋ ነው፣ አልዋሽሽም፤ ገጽ ሲቀይር ያስጠብቃል። ግን ያመጣሁት የአማርኛ ፕሮግራም ይሠራበታል።»

ልብ በሉ፤ ወጣቱ ውዱንም ርካሹንም አላመለከም። መጀመሪያ ሥራውን ጠየቀ፣ ከዚያ ዕቃውን።

ወይዘሮ ሃሊሞ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አብዲ፣ ስትታመም ለንግድ ሄጄ አጠገቧ አልነበርኩም። አሁን ደግሞ መካከለኛ ገዛሁላት ልበል?»

አብዲራህማን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኤዶ፣ ውዱን ከገዛሽ ለማተሚያ የሚተርፍሽ የለም። ያለ ማተሚያ ደግሞ የጻፈችው እዚያው መስኮቱ ላይ ይቀራል። ማን እንጀራ ያበላታል?»

«ሰምሰምን ራሷን ጠይቃችኋታል?» አልኩ።

ሁለቱም ተያዩ። አልጠየቋትም ነበር።

አብዲራህማን ሄዶ አመጣት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ገባች። ሦስቱንም ሞከረች፤ መካከለኛው ላይ ስትደርስ ጣቶቿ መሮጥ ጀመሩ። ፊደሉ ከእጇ በኋላ እየዘገየ ሲወጣ ፈገግ አለች።

«ሆዮ» አለች እናቷን፣ ድምጿን መመጠን ስለማትችል ጮክ ብላ፤ «ይሄ አማርኛ ይጽፋል። ይበቃኛል።»

በተረፈው ብር ማተሚያና ወረቀት ተገዛ። ሰምሰም በረንዳቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። ከከተማው ውጭ ካለችው ከቢዮ አዋሌ ሳይቀር ባለጉዳይ ይመጣላታል፤ ሰዎች ጉዳያቸውን በምልክትም በብጣሽ ወረቀትም ያስረዷታል፤ እሷም በራሷ ገቢ ቤቱን ትደጉማለች። አቅምን ከሥራ ጋር አመዛዝኖ የገዛ ሰው የሚያተርፈው ይህን ነው።

አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ጎራ ብል ወይዘሮ ሃሊሞ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ግን ወረቀት ላይ መጻፍ አቅቷቸው፣ ልጃቸውን በእጅ ምልክት ብቻ ነበር የሚያነጋግሩት። የሚስለው መስኮት ፊደሉን የጡጫ ያህል አሳድጎላቸዋል። በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉ፦

«ስትታመሚ አጠገብሽ አልነበርኩም። ይቅር በይኝ።»

ሰምሰም ከኋላቸው ቆማ አነበበች። ጎንበስ ብላ ጉንጯን ከእናቷ ጉንጭ ጋር አጋጠመች።

«አሁን አለሽ፣ ሆዮ» አለች፤ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ዝግ ያለ ነበር።