የታጠበው ቅል

ከማክሰኝት ወደ ጎንደር በምትሄድ ማኪና ተሳፍረናል፤ አገሩ በማለዳ ጉም ተሸፍኖ ሕልም ይመስላል። ከፊቴ ቅል ያቀፉ እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት የሐኪም ቤት ሠራተኛ ያዋሩታል።

«ልጄ እናንተ ዘንድ ተኝታለች። ትኩሳቱ በመድኃኒቱ ለቀቃት፤ ሆዷን ግን ያስቀምጣት ጀመር። ምነው?»

«መድኃኒቱ ክፉዎቹን ሲገድል ደጋጎቹንም ፈጅቶባት ይሆናል።»

«የምን ደጋጎች?»

«ሆዳችን ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ እህሉን የሚፈጩልን።»

«እኔም ሆድ ውስጥ?»

«በሁላችንም።»

«ስንተኛ ይተኛሉ?»

«እኛ ሕልም ስናይ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።»



«ታዲያ ምን ይሻላታል?»

«በቅሉ ይዘውላት የለ? ሸጋ እርጎ ነው ደጋጎቹን የሚመልስላት።»

«መች እርጎ ሆነና! ለሐኪም ቤት ይጥራ ብዬ ቅሉን በፈላ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፤ ወተቱ ሳይረጋ አደረ።»

«የቅሉንም ደጋጎች ፈጇቸዋ!»

«እኔ ቅሉን፣ እናንተ ልጄን!» አሉና ብድግ አሉ። «ሾፌር፣ ጠዳ ላይ አቁምልኝ! የእህቴ ቅል ሳሙና ነክቶት አያውቅም፤ እርጎውን ከእሷ እወስድላታለሁ።»

እኔ እስከ አዘዞ ድረስ እጄን ከሆዴ ላይ አላነሳሁም።