ያለዘብኩት የደም ውጤት

ጎረቤቴን አደንን ስትሮክ መትቶት እዚሁ ጅግጅጋ ሆስፒታል አስገባነው። ሐኪሙ ሶማልኛ አያውቅም፤ የአደን ሚስት ሆዳን ደግሞ አማርኛ አትሰማም። አስተርጓሚው እኔ፣ ባለሱቁ፣ ሆንኩ። በማግስቱ ሐኪሙ የደም ውጤቱን አይቶ መጣና፣ «አሁን ደህና ቢያወራም ደሙ ውስጥ የብግነት ምልክቱ ከፍ ብሏል። እንዲህ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብስበት ይችላል። ከአጠገቡ እንዳትርቅ ንገራት» አለኝ። እሷ ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ አደንም ተኝቶ ይሰማል። በሽተኛ ፊት ክፉ ማውራት ደግሞ እኛ ሰፈር ነውር ነው። «ደሙ ታይቷል፣ ምንም አይልም፤ አላህን አመስግኚ ብሎሻል» አልኳት። መርቃኝ፣ ከዘመዶቿ የግመል ወተት ላመጣለት ብላ በሚኒባስ ቀብሪበያ ሄደች።

ወተቱን ይዛ ስትመለስ አደን አንደበቱ ተይዟል፤ ስሟን ሊጠራ ይሞክርና ያቅተዋል። ሐኪሙ እሷን አየ፣ ከእጇ ያለውን ወተት አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። «አልነገርካትም እንዴ?» አለኝ። ሆዳን ፊቴን አየችና ቀስ ብላ፣ «ምን አለህ? እንዳለው ንገረኝ» አለችኝ።

አንገቴን ደፍቼ ያችን የሐኪሙን ጥያቄ ብቻ ቃል በቃል ተረጎምኩላት።