የለዘበ ብረት

(አዳማ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። በያጁ ደምመላሽ፣ ተማሪ የምታመላልሰው እትዬ ዘርፌ መኪናዋን እንዳታስነሳ በሩን ይዞ ቆሟል።)

ዘርፌ፦ እጅህን አንሳ አልኩህ! ልጆቹ ይጠብቁኛል።

ደምመላሽ፦ ቁልፉን ይስጡኝ፣ እትዬ ዘርፌ። ለዛሬ በባጃጅ ያድርሷቸው።

ዘርፌ፦ ባለፈው ሳምንት "ከፋብሪካ የወጣች መስላለች" ብለህ ያስረከብከኝ አንተ አይደለህ?

ደምመላሽ፦ ነኝ። ላይዋ ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ ነው።

ዘርፌ፦ በጠዋቱ ቅኔ አትዝረፍብኝ። በግልጽ ተናገር።

ደምመላሽ፦ በሁለቱ በሮች መካከል ያለችው ቋሚ፣ ያቺ ተገጭታ ወደ ውስጥ የገባችው... በመዶሻ እምቢ ስትለኝ በጋዝ እሳት ቀይ እስክትሆን አንድጄ አቃናኋት።

ዘርፌ፦ ታዲያ በያጅ በምን ሊያቃና ኖሯል? በጸበል?

ደምመላሽ፦ የድሮ ላሜራ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ይኼ ግን ጠንካራ ብረት ነው፤ ሲነድ ጉልበቱ ይሄዳል። መጀመሪያ ትራፓኖው ሊበሳት አቅቶት ሁለት የመብሻ ጫፍ ሰብሬባታለሁ። ካነደድኳት በኋላ ሳሙና የሚበሳ ይመስል ስርስር አለ።

ዘርፌ፦ ያኔ ምን አልክ?

ደምመላሽ፦ "ጎሽ፣ ለዘበችልኝ" አልኩ። ደስ አለኝ፣ እትዬ!

ዘርፌ፦ እና ዛሬ ማን ገለጸልህ?

ደምመላሽ፦ እንደሷ ያለ ቁራጭ ብረት ነበረኝ። እሁድ ዕለት ግማሹን አንድጄ ሁለቱንም ወገን በመዶሻ መታሁት። ያልነደደው መዶሻዬን አነጠረው፤ የነደደው እጥፍ ብሎ ቀረ።

ዘርፌ፦ እሁድ? ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ! አራት ቀን ሙሉ አፍህን ምን ለጎመው?

ደምመላሽ፦ እርስዎም እኮ "ትምህርት ተከፈተ፣ ቶሎ በል" እያሉ...

ዘርፌ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እኔ ቶሎ በል አልኩ እንጂ አቃጥል አልኩህ?

ደምመላሽ፦ አላሉም። ጥፋቱ የኔ ነው። ስሜ እንዳይጠፋ ፈራሁ። አሁን ቆርጬ አወጣታለሁ፤ እሳት ያልነካት አዲስ ቋሚ አምጥቼ፣ በነጥብ በነጥብ፣ እያቀዘቀዝኩ እበይዳለሁ።

ዘርፌ፦ እስከ ዛሬ ማንም አልተጎዳም። ዛሬን ላድርሳቸውና ከሰዓት አመጣልሃለሁ።

ደምመላሽ፦ ከጎን አንድ ነገር ቢመታት አትችልም። እዚያ ጋ የሚቀመጠው ልጅ...

ዘርፌ፦ አታሟርትብኝ! ይህን ያህል የሚያሰጋ ከሆነ የራስህን ልጅ ትሰጠኝ ነበር?

ደምመላሽ፦ የኔዋ ከሰኞ ወዲህ መቼ ተሳፈረች?

ዘርፌ፦ አሟታል ብለህ ደውለህ የለም እንዴ!

ደምመላሽ፦ አላመማትም።

ዘርፌ፦ ምን አልክ?

ደምመላሽ፦ ደህና ናት። እጇን ይዤ በእግሯ ነው የማደርሳት። እርስዎ ሳያዩን ልጆቹን ጭነው በአጠገባችን ሲያልፉ አንገቴን እደፋለሁ። ትናንት በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙላት። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም።

ዘርፌ፦ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ! እኔን እንኳ ተወኝ... የሰው ልጆች!

ደምመላሽ፦ ይስደቡኝ። ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ።

ዘርፌ፦ እንካ።

ደምመላሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በሉ ጋራዥ ላስገባት።

ዘርፌ፦ የት ትሄዳለህ? መኪናዋ እዚሁ ትቁም። ልጆቹን በእግራችን ነው የምናደርሳቸው፤ አንተም አብረኸኝ ትሄዳለህ። ለየእናታቸው አንተው ራስህ ትነግራለህ፤ ስትነግራቸው ደግሞ ከብረቱ ሳይሆን ከልጅህ ትጀምራለህ።