ከወረቀቴ ያወጣኋቸው ሁለት ዓመታት

የተከበሩ እናታችን፣ ወንድሞቹና እህቶቹ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ልትሸኙት የመጣችሁ ሁሉ፤ እግዜር ያጽናችሁ።

እኔ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይተን የኖርን ጓደኛው ነኝ። ሥራችን ሶፍትዌር ነበር። ቢሮ ውስጥ “አስታራቂው” እንለው ነበር። ለምን መሰላችሁ? የሁለት ሰው ሥራ በተጋጨ ቁጥር የምንሮጠው እሱ ጋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድን ፕሮግራም ወስደው ለየብቻ ይሠሩበታል። በኋላ ሥራቸው መገናኘት አለበት። አንዱ መንገድ ሜርጅ ይባላል። ሁለቱም ሥራዎች እንዳሉ ይቀመጣሉ፤ የት እንደተለያዩ፣ የት እንደተገናኙ ይታያል። ሌላው ሪቤዝ ነው። የአንዱን ሥራ ነቅለህ በሌላው ጫፍ ላይ እንደ አዲስ ትደረድረዋለህ። የሥራው ታሪክ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። መለያየት የሚባል ነገር የነበረ አይመስልም።

እኔ የምወደው ሪቤዝ ነበር። እሱ ሜርጅ። በዚህ ክርክር ስንት ምሳ ቀዝቅዞብናል! “አንተ ደግሞ ዝርክርክ ነገር ትወዳለህ” እለዋለሁ። “አንተ ደግሞ አልጋህን ስታነጥፍ ሰው ተኝቶበት የሚያውቅ አይመስልም” ይለኛል።

አንድ ጊዜ አለቃችን፣ ይቅርታ አለቃዬ፣ እዚሁ መሆንህን አይቻለሁ፣ ሁላችንም የምንሠራበትን ታሪክ ሪቤዝ አድርጎ አሳመረው። ጠዋት ስንገባ የክፍያውን ክፍል የምትሠራው እህታችን ሥራዋ የቆመበት መሠረት የለም። አየር ላይ ቀረች። አስታራቂው ቀኑን ሙሉ ከጎኗ ተቀምጦ ሥራዋን መለሰላት። ከዚያ ለአለቃችን ምን አለው? “የራስህን ረቂቅ እንደፈለግህ አጽዳው፣ መብትህ ነው። ሌላ ሰው ወስዶ የራሱን ከደረበበት በኋላ ግን አትንካው። ታሪኩ ያንተ ብቻ አይደለም።”

ሰምቼዋለሁ? ሰምቼዋለሁ። ገብቶኛል? እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ይህን ወረቀት ስጽፍ የሕይወቱን ታሪክ አሳመርኩት። ተማረ፣ ተቀጠረ፣ ሠራ፣ አረፈ። ከእኛም ከቤቱም ተለይቶ መጠጥ ውስጥ የጠፋባቸውን ሁለት ዓመታት አወጣኋቸው። ማን አዘዘኝ? ማንም አላዘዘኝም። እንዲያምር ብዬ ነው።

አሁን ቀና ስል ከኋላ፣ አጥሩ ጋ፣ ለብቻዋ የቆመች ሴት አየሁ። ልብስ ሰፊዋ ናት። ያን ጊዜ ጓሮዋ ያለችውን ክፍል የሰጠችው፣ ታሞ ሲወድቅ ያስታመመችው እሷ ናት። ልጠይቀው የሄድኩ ቀን በሯ ላይ ተቀምጣ ሱሪውን እያጠበበችለት ነበር። “ከስቶብኛል፤ ግን መብላት ጀምሯል” አለችኝ። ከስቶብኛል! መጠጡን ትቶ ወደ እኛ የተመለሰው ከእሷ ቤት ወጥቶ ነው። እናንተ አላወቃችኋትም፣ ማንም “ነይ ወዲህ” አላላትም። እኔ ግን አውቃታለሁ። አውቄ ነው የቆረጥኳት። እፍረቴን የት ላድርገው?

ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። አየር ላይ ልተዋት ነበር።

እማማ፣ “ያን ጊዜ ልጄን ማን አበላው?” እያሉ ሲያለቅሱ ሰምቼዎታለሁ። እሷ ናት ያበላችው። እባካችሁ፣ መንገድ ልቀቁላት። ትምጣ። ከእማማ ጎን ትቁም።

ደህና ሁን፣ አስታራቂው። ሁለቱም እናቶችህ እዚህ ናቸው። አሁን ዕረፍ።