የቡሬው አቀባይ

በርበሬ ሻጯ አገሬ፣ ወንድሟ ቢሆነኝ ከተደበቀበት ከሽንዲ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ቡሬ ገበያ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። በርበሬዋን ከጎረቤቷ ከእሜቴ ገላነሽ ጎን ዘረጋች። ፊት ለፊት፣ ጫማ ሰፊው ዘንድ፣ የቢሆነኝ የኳስ ጓደኛ የነበረው የቀበሌ ሹም አንድ እግር ጫማውን ያሰፋል። አየችው። ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ፊቷን ግን ወደ አሮጊቷ አዞረች።

«እንዴት ዋሉ እሜቴ? ዘንድሮ በርበሬው አይፋጅም ይላሉ... እኔንስ ፈጅቶኛል።

ኳስ አይተው ያውቃሉ? እኛ ‹ጨው አቀብይኝ› እንደምንለው፣ እነሱም ‹አቀብል!› ይባባላሉ። አንድ ጎበዝ ነበረልዎ... ስም ምን ያደርጋል? መዥገር እንኳ በሬን ይለቃል፤ እሱ ኳስ አይለቅም! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ? ለሱ ኳስ ለአንድ ሰው ጌጡ፣ ለአስር ሰው ሸክሙ ናት። ቢሆነኝ በቀኝ በኩል እየሮጠ ‹አቀብለኝ አያ!› ሲል ጉሮሮው ነቃ። የፍኖተ ሰላም ልጆች፣ ባላጋራዎቹ እንኳ፣ አዘኑለት።

ሩጫ አስገቡት፤ ዱላ ቅብብል። ዱላውን ለጓደኛው ሳይሰጥ ይዞት ዞረ... ቀበሌ ሲሾም ግን ዱላ ማቀበል እንዴት ሠለጠነ! ያልደረሰው ጀርባ አለ? መረብ ኳስ ላይማ ካላቀበሉ አይሆንም ቢሉት፣ የዚያን ለት ሆዱን ታመመ።

ሰው ግን ይለወጣል እሜቴ። ቢሆነኝ ሽንዲ አጎታችን ዘንድ መሆኑን የሚያውቅ ማን ነበር? እኔ፣ እናቴ... አብሮት እንጀራ የቆረሰ አንድ ወዳጁ። ያን ጊዜ እንዴት አድርጎ አቀበለ መሰለዎ! አንዴ ብቻ፣ ሳይስት፣ እበሩ ድረስ። ከአውድማ አንሥተው ጫኑት። ሰሜን ነው አሉ... ድምፁም የለ። ኧረ ወሬ አቀባይ አላልኩም! ኳስ ነው የማወራው።»

ሰውየው አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ በባዶ ተነሥቶ እያነከሰ ሄደ። ጫማ ሰፊው ወስፌውን እንደያዘ ቀረ። የአገሬ ድምፅ ማር ሆነ።

«ምነው ቸኮለ? ዕድሜ ይስጠው። ታናሽ ወንድሙ ለውትድርና ደርሷል አሉኝ፤ እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ! አሜን ይበሉልኝ እሜቴ... እግዜር ለዚያም ልጅ እንደ ወንድሙ ያለ የልብ ወዳጅ ይስጠው።»