ሐጂ ሙባረክ ፊት

ሄሎ? … አዎ፣ ሐምዛ ነኝ፤ ማን ልበል? … ኑሪያ! እህቴ፣ በማን ስልክ ነው? … ቆይ ልውጣ፣ ወፍጮው አያሰማም።

— እትዬ ፈንታነሽ፣ ከረጢቱን ይያዙልኝ፣ መጣሁ!

ይኸው ወጣሁ። ትሰሚኛለሽ? … ድምፅሽ ምን ሆነ? አልቅሰሻል እንዴ?

… ክርክሩማ ዛሬ ከሰዓት አይደል? … «የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት የነበሩ የአሜሪካ ባለፋብሪካዎች ሕዝቡን ጠቀሙ ወይስ ጎዱ?» … አንቺ «ጎዱ» ደረሰሽ። ታዲያ ምን ያስለቅሳል? ሰው ማማትማ ይቀላል!

… ማን ይመጣል? … ሐጂ? የኔው አሠሪ? … ለካ ለትምህርት ቤታችሁ ያሠሩት ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ነው የሚመረቀው! ሀብታም እንግዳ ፊት ለፊት አስቀምጦ «ሀብታም ጎዳ» ማስባል! ክርክሩን ያዘጋጁት መምህር ይርጋ ጠዋት ምን በልተው ነው?

… እስቲ አንብቢልኝ። … «የነዳጅ ዘይቱ ከበርቴ ዋጋ አወረደ። ሌሎቹ ሲከስሩ ገዛቸው።» እሺ … «በእኛም ቤት ደርሷል …» ኑሪያ! የአባዬን ወፍጮ ጻፍሽው?

… ውሸት ነው አልወጣኝም። ሐጂ በግማሽ ዋጋ ፈጩ፣ አባዬ ዘጋ፣ የወፍጮ ድንጋዩን ገዙት፣ ዋጋው ወዲያው ተመለሰ። በዚያው ድንጋይ ነው ዛሬ እኔ የምፈጨው። … ግን በአባዬ ጊዜ ናፍጣ ሲያልቅ ሴቶቹ እህላቸውን እንደ ተሸከሙ ይመለሱ ነበር። አሁን መብራት ካለ ማንም አይመለስም። … እሱን «ጠቀሙ» የሚለው ወገን ይናገረው? ሂጂ አንቺ ብልጥ!

… እኔን እንዳያባርሩኝ ፈርተሽ ነው የምታለቅሺው? የኔ እናት … ልሰርዘው ትያለሽ? … ቆይ፣ ላስብበት።

… ወይኔ፣ መጡ! ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እንዳትዘጊው።

— አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። … እህቴ ናት። ደብረ ታቦር ነው የምትማረው … አዎ፣ እርስዎ ከሚሄዱበት። ዛሬ ትናገራለች … ስለ እርስዎም። ስለ አባዬ ወፍጮ … አዎ፣ ሰው ሁሉ ፊት። … አይ፣ ሐጂ። አልከለክላትም።

… ኑሪያ? አለሽ? … «የአባታችሁ ድንጋይ ደግ ድንጋይ ነው» አሉ። ሌላ የለም፤ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። … ሥራዬን እንጃ። አልጠየቅኋቸውም።

… አይሆንም፣ አትሰርዢውም! አባዬ ስለ ወፍጮው አንድ ቀንም አፉን ሳይከፍት ኖረ፤ እኔም እሱን ወጣሁ። ከቤታችን አንድ ሰው ይናገረው እንጂ። ብቻ ሳትሳደቢ፣ ቀስ ብለሽ። … እኔም እወድሻለሁ።

በይ፣ ስትጨርሺ ቶሎ ደውይ፤ ሐጂ ከመመለሳቸው በፊት ካንቺ ልስማው። … ቻው።