በባንዲራው ላይ ማን ተብሎ ይጻፍ?

እሑድ ማለዳ ዓሣ ልገዛ ሃቺኖሄ ወደብ ገበያ ብወርድ፣ አባባ ጌንዞን ከዓሣ ሻጩ ጋር ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። አባባ ጌንዞ የጀልባ ባንዲራ ቀለም ነካሪ ናቸው፤ እኔ ቶሞኖ ደግሞ ተለማማጃቸው ነኝ። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ሳቆም መምህሬ በደስታ አለቀሱ የሚሉ አሉ። እኔ ግን በኀዘን ነው እላለሁ።

«ይኸን ወረቀት አንሣልኝ!» ይላሉ አባባ።

«ምን ሆነ አባባ? ዓሣው እንደሆነ ትኩስ ነው።»

«ዓሣውን ማን አማው? ወረቀቱን ነው ያልኩህ!»

ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ዓሣው የተጠቀለለው በትናንቱ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ላይ የአባባ የልጅ ልጅ ኢዮሪ ሐምራዊ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ተበትኖ፣ አንድ እግሩን ከኋላው አንሥቶ ከራሱ በላይ በእጁ ይዞ በበረዶ ላይ ይሽከረከራል። ከፎቶው በላይ በትልልቁ «የበረዶዋ ሙሽሪት ዳግም አማለለችን» ተብሎ ተጽፏል። የዓሣው ጭራ ደግሞ በኢዮሪ አገጭ ሥር ወጥቶ ጢም መስሏል። ልስቅ ስል አባባ ገላመጡኝና ሳቄን ዋጥኩት።

ዓሣቸውን በላስቲክ አስደርገው መንገድ ጀመሩ። እኔም ጋዜጣውን ከሻጩ ለምኜ ተከተልኳቸው። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የፊታችን ቅዳሜ በከተማችን የበረዶ አዳራሽ ትልቅ የበረዶ ላይ ዳንስ ውድድር አለ። ተወዳዳሪ ሁሉ ከወገኖቹ የተሠራለት ባንዲራ በአዳራሹ አጥር ላይ ይሰቀልለታል። የገበያ መንገዳችን ነጋዴዎች ማኅበር ለኢዮሪ ባንዲራ እንዲነክሩ አባባን ካዘዛቸው ሦስት ቀን ሆኖታል። ችግሩ ማኅበሩ አክብሮት መስሎት «የበረዶዋ ሙሽሪት» ተብሎ ይጻፍ ማለቱ ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ካልጀመርን ለቅዳሜ አይደርስም» አልኩ።

«አልነክርም።»

«ኢዮሪ በገዛ አገሩ ባዶ አጥር ሊያይ ነው?»

«ስሚ አንቺ ልጅ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የሲሳይ ባንዲራ ነክሬያለሁ። አዲስ ጀልባ ባሕር ሲወርድ፣ ሞልቶም ሲመለስ የተውለበለበው ሁሉ ከእጄ ነው የወጣው። ሙሽሪት ግን ነክሬ አላውቅም። ያ 'የበረዶው ሳሙራይ' የሚሉትን የሳፖሮ ልጅ አላየሽም? ይዘላል፣ ደረቱን ይመታል፣ ወንድ ነው። የኔው እንደ ሸንበቆ ይተጣጠፋል። ፍል ውሃ ቤት ስገባ ሽማግሎቹ 'ጌንዞ፣ ሙሽሪትህን መቼ ትድራለህ?' አሉኝ። ጀርባዬን ሳልታጠብ ወጣሁ።»

«ለመሆኑ ስንት ጊዜ ሄደው አዩት?»

አባባ የዓሣውን ላስቲክ ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።

«አባባ?»

«ጋዜጣ አያለሁ።»

«እኔ ጨርቁን ሳልዳስስ 'ቀለሙ አልያዘም' ብልዎት ምን ያደርጉኛል?»

«በመጥረጊያ ነዋ የማባርርሽ!»

«እንግዲያው መጥረጊያውን ለጋዜጠኛው ያውሱልኝ። ይኸው፣ ላንብብልዎት። ጽሑፉ ሃያ መስመር ነው። ስድስቱ ስለ ፀጉሩ፣ ስምንቱ ስለ ልብሱ፣ አምስቱ እጮኛ ይኖረው እንደሆነ። በአየር ላይ ሦስት ዙር ተኩል ተሽከርክሮ በአንድ እግሩ ማረፉስ? ሃያኛው መስመር ላይ፣ ከፀጉር ቅባት ማስታወቂያው በላይ!»

አባባ ጋዜጣውን ነጥቀው አዩና «ይሸታል» ብለው መለሱልኝ። የሸተታቸው ዓሣው ይሁን ጽሑፉ አልጠየቅኋቸውም።

ሱቅ ደረስን። አባባ ፊደሉን ከቀለም የሚጋርደውን የሩዝ ሊጥ ለሌላ ደንበኛ ያሰናዱ ጀመር። እኔ አፌ አያርፍም።

«ያ ነጭ ጀልባ፣ ያጫወቱኝ፣ ወደቡ ሁሉ 'ሬሳ ሣጥን' እያለ የሳቀበት…»

«አይ የዚያን ጊዜ ሰው! ጀልባ በሰማያዊ ካልተቀባ ጀልባ አይመስለውም። ነጭ በመሆኑ ብቻ ስንት ተሳለቀበት።»

«ባንዲራውን የነከሩለት እርስዎ ነዎት። ታዲያ 'ሬሳ ሣጥን' ብለው ጻፉበት?»

«አብደሻል? 'ሺራናሚ'፣ 'ነጭ ማዕበል' ብዬ ነው የጻፍኩት። ስሙ ነዋ!»

«ወደቡ በሙሉ እኮ ሌላ ነበር የሚለው።»

«ወደቡ ምን አገባው! የጀልባን ስም የሚያወጣው ማዕበሉን የሚወጣበት እንጂ ዳር ቆሞ የሚያየው አይደለም። ይኸ የሥራችን የመጀመሪያው ሕግ ነው፣ ስንቴ ልንገርሽ አንቺ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። ሊጡ ከእጃቸው ጠብ ጠብ ይላል። አንባቢዬ ሆይ፣ ሰው በሌላ ምክር ሲረታ ይናደዳል፤ በራሱ ሕግ ሲረታ ግን የሚናደድበት ያጣል። አባባም ዙሪያቸውን አይተው አይተው በእኔ ላይ አረፉ።

«ተንኮለኛ! ስሙስ ይሁን። ከሥሩ የሰጪ ስም አለ፤ 'ሙሽሪት' ካልተጻፈ ማኅበሩ አይሰጥም፣ ሰጪው እኔ ነኝ፤ ያለ ሰጪ ስም ባንዲራ የለም። እዚያ ላይ 'አያቱ ጌንዞ' ብዬ ከጻፍኩ በምን ዓይኔ ፍል ውሃ ቤት እገባለሁ?»

ለካስ ነገሩ ይኸ ነው! የኢዮሪ ፀጉር ሰበብ ብቻ ነበር።

ይኸን ጊዜ በሩ ተከፈተና ኢዮሪ ባለ ስለት ጫማውን በትከሻው አንግቦ ገባ። ቀጭን፣ ረዥም፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

«ሰምቻለሁ» አለ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ። «የቶሞኖ ድምፅ እንኳን በር፣ ግንብም አይከለክለውም።»

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከሰማህማ መልስልኝ። ፀጉርህን ብትቆረጥ፣ ጥቁር ብትለብስ ምን ይጎድልብሃል? ዝላዩ እንደሆነ ያው ነው።»

«ዝላዩ ያው ነው አያቴ፤ የሚዘለው ግን እኔ አልሆንም። እግሬን ከራሴ በላይ የምይዘው ሴት ለመምሰል አይደለም። ሰባት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ሴት ስትሠራው ጥበብ የሆነ ነገር እኔ ስሠራው ለምን ቅሌት ይሆናል?»

«'ደፋሩ ኢዮሪ' ብለው ቢጽፉልህስ? እሱ ይሻላል?»

«እሱም ሰልችቶኛል። ፀጉሬን አበጠርኩ እንጂ እሳት ውስጥ አልገባሁም።»

ሳቄ አመለጠኝ። አባባም አፋቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ።

«የሳፖሮውን ልጅ ይወዱታል አይደል?» አለ ኢዮሪ። «አምና ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ ሲያለቅስ አገኘሁት። እናቱ ታንጎራጉርለት በነበረው እሹሩሩ መደነስ ፈልጎ፣ አሠልጣኙ 'ሳሙራይ በእሹሩሩ አይደንስም' አለው። በመልካም ስምም ሰው ይታሰራል አያቴ። ሁለታችንንም ሳንጠየቅ ነው የሰየሙን። እኔ ልብሱን ውደዱልኝ አልልም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እናቴ ባወጣችልኝ ስም የሚጠራኝ አንድ ጨርቅ ቢኖር ይበቃኛል።»

እኔ ቁጣ ስጠብቅ፣ አባባ ጋዜጣውን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ይኸ ሐምራዊ በእውን እንዲህ አመዳም ነው?»

«የለም፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሲነጋ እንዳለው ባሕር።»

«እሱን እኔ እቀምመዋለሁ። ጋዜጣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለም የሚያውቀው! ቶሞኖ፣ ምን ይገትርሻል? ሊጥ አሙቂ!»

አምስት ቀን ሠራን። ፊደሉን በሊጥ ጋረድን፣ ቀለሙን ቀባን፣ በበረዶ ውሃ አጠብን፤ ጣቶቼ የእኔ መሆናቸውን የማውቀው በዓይኔ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር መጥቶ «ያዘዝነው እኮ 'ሙሽሪት' የሚል ነበር» ቢል፣ አባባ ቀና ሳይሉ «ሙሽሪት ከፈለጋችሁ ሰርግ ቤት ሂዱ። እኔ ዘንድ ያለው ኢዮሪ ነው» አሉት።

ቅዳሜ ባንዲራው ተሰቀለ። ቀይ ፀሐይ ከሐምራዊ ባሕር ትወጣለች፤ በመካከሉ «ኢዮሪ» ተብሏል፤ ከሥሩ «ከአያቱ ከጌንዞ»። የሰጪ ስም በትንሹ መጻፍ ልማዱ ነበር። አባባ ግን እንኳን እኔ፣ የፍል ውሃ ቤቱ ሽማግሎችም ያለ መነጽር እንዲያነቡት አድርገው ጻፉት። ሽማግሎቹም ከኋላችን ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ኢዮሪ ወጣ። ባንዲራውን አየ፤ ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በብዕር ማስቀረት አልችልም። ሦስት ዙር ተኩሉን ዘሎ ሲያርፍ በረዶው እንደ ብርጭቆ ጮኸ። እግሩን ከራሱ በላይ ይዞ ሲሽከረከር አባባ አጥሩን ጨበጡ።

«ቶሞኖ፣ ይኸ ልጅ አጥንት የለውም እንዴ?»

«አለው አባባ። የማይታጠፈውን ለእርስዎ ትቶ የሚታጠፈውን ወስዶ ነው።»

አልሰሙኝም። ዓይናቸው እዚያው ነበር።

አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ ማስታወሻውን ገለጠ። «የበረዶዋ ሙሽሪት አያት እርስዎ ነዎት?»

«ማንበብ ትችላለህ?» አሉት አባባ።

«እንዴታ።»

«እንግዲያው ቀና በል። ክንድ የሚያህል ፊደል የጻፍኩት ለአንተ ስል ነው።»

ጋዜጠኛው ቀና ብሎ «ኢዮሪ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «አልሰማንም!» አሉ ከኋላ ሽማግሎቹ፤ እነሱው ደግሞ ሞልቶ የሚመለስ ጀልባ እንደሚጠሩ አድርገው «ኢዮሪ!» ብለው አዳራሹን አናጉት።

ኢዮሪ ሦስተኛ ወጣ። የሰኞው ጋዜጣ ዝላዩን በመጀመሪያው መስመር ጻፈ። የሰፈራችን ሆኪ ተጫዋች፣ «ወንዳወንዷ» የምትባለው ልጅ፣ አባቷ መጥቶ በስሟ ባንዲራ አሠራላት። አፍረው ከልምምድ ይሸሹ የነበሩ አራት ወንዶች ልጆች ወደ በረዶው ተመለሱ። የሰውን ስም መጠየቅ አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈጀው፤ ቅጽል ስም ለጥፎ ማሰር ግን አሳሪውንም ያደክማል፤ አባባ ጌንዞ ራሳቸው ጀርባቸውን ሳይታጠቡ ስንት ቀን ከረሙ!

ባለፈው ሳምንት ከሳፖሮ ደብዳቤ መጣ። ባንዲራ ይሠራልኝ ይላል። አባባ መነጽራቸውን እየፈለጉ «ማነው የላከው?» አሉኝ።

«ያ ሳሙራይ የሚሉት ልጅ ነው።»

አባባ በመጥረጊያው እጀታ ቂጤን መታ አደረጉኝ።

«ስሙን ነው የጠየቅሁሽ።»